የመኪና አጠባ በቤት፤ የቀለምና የውሃ ታሪክ

ስለ አውቶሞቢል ታሪክ የሚጽፉ ሊቃውንት አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት በሞተሩ ላይ ነው። ስለ ሲሊንደሩ፣ ስለ ማርሹና ስለ ፍሬኑ ብዙ ተጽፏል። ብረቱን ከውሃና ከአየር ለይቶ ስለሚጠብቀው ቀለም የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። ባለንብረቱ በገዛ ግቢው፣ ባልዲና ጨርቅ ይዞ፣ ይህን ቀለም እንዴት ሲንከባከብ እንደ ኖረ የሚናገረው ጽሑፍማ ከዚያም ያንሳል። ይሁን እንጂ ነገሩ እንደ ተራ ነገር የሚታለፍ አይደለም። አንድ ዘመናዊ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ በአካሉ ላይ ያሉት የቀለም ሽፋኖች ሁሉ ተደራርበው ውፍረታቸው ከሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ እምብዛም አይዘልም። ባለንብረቱ በየሳምንቱ የሚያጥበውና የሚወለውለው ይህንኑ ስስ ሽፋን ነው።

ሽፋኑ አውቶሞቢል ከተፈለሰፈ ወዲህ በአራት የተለያዩ ጠባዮች ታይቷል። በመጀመሪያ የሠረገላ ቫርኒሽ ነበር፤ ቀጥሎ ናይትሮሴሉሎስ፣ ከዚያም አልኪድና አክሪሊክ፣ በመጨረሻም ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት ብርሃን አሳላፊ ሽፋን መጣ። ኬሚስቱ ቀለሙን በለወጠ ቁጥር ግን የአጣቢው እጅ አብሮ አልተለወጠም። አባት ለልጁ ያስተማረው አስተጣጠብ ለአባትየው መኪና መድኃኒት የነበረ ቢሆንም በልጁ መኪና ላይ ጉዳት ሆኖ ተገኝቷል። ቀጥሎ የሚተረከው ይህ በቀለምና በእጅ መካከል የተፈጠረው ርቀት እንዴት እንደ መጣ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሠረገላ የተወረሰ ቫርኒሽ

የመጀመሪያዎቹን አውቶሞቢሎች አካል የሠሩት በአብዛኛው ፈረስ የሚጎትተውን ሠረገላ ሲሠሩ የኖሩ ባለሙያዎች ነበሩ። ስለዚህ ቀለሙም የሠረገላ ቀለም ሆነ፤ ይኸውም ከተልባ ዘይትና ከዛፍ ሙጫ የተዘጋጀ ቫርኒሽ ነው። ቫርኒሹ በብሩሽ ይቀባል፤ ሲደርቅ ይፋቃል፤ እንደገና ይቀባል። ሥራው እንዲህ እየተደጋገመ አንዱን አካል ቀብቶ ለመጨረስ ሳምንታት ይፈጅ ነበር። የተገኘው ውበት ጥልቀት የነበረው መሆኑ አይካድም። ሆኖም ቫርኒሹ ለስላሳ ስለ ነበር በፀሐይ ቢጫ እየሆነና እየተሰነጣጠቀ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንደገና መቀባት የግድ ይሆን ነበር።

ከዚህም የተነሣ የሠረገላ ጠባቂዎች ጥብቅ ደንብ ነበራቸው። ጭቃ በቫርኒሹ ላይ እንዲደርቅ አይተውም፤ ሠረገላው ከመንገድ እንደ ገባ ወዲያው ይታጠባል። ውሃው ቀዝቃዛና ብዙ መሆን አለበት። ጭቃው የሚወርደው በሚፈስ ውሃ ረጥቦና ለቆ ነው እንጂ በመፈተግ አይደለም። ስፖንጅ የሚነካው አፈሩ ከሄደ በኋላ ነው። ሳሙና የቫርኒሹን ወዝ ስለሚገፍ ከቅባት በስተቀር ለሌላ አይነካም። በመጨረሻ በለሰለሰ ቆዳ ይደርቃል። ሠረገላው ከፈረስ ጋጣ አጠገብ እንዳይቆም ይከለከል ነበር፤ ምክንያቱም ከጋጣው የሚወጣው አሞኒያ ቫርኒሹን ያፈዝዘዋል። ደንቡ ለወግ ሲባል የወጣ አልነበረም፤ አንድ በአንድ ከቫርኒሹ ጠባይ የመነጨ ነበር።

በሠረገላ ዘመን ይህን ሥራ የሚሠራው ሎሌ ነበር። ባለንብረቱ ራሱ አጣቢ እንዲሆን ያደረገው የመኪናው ዋጋ መርከስ ነው። ፎርድ ሞዴል ቲ የተባለውን መኪና በ1908 አውጥቶ ምርቱ እስካቆመበት እስከ 1927 ድረስ 15 ሚሊዮን ያህል ሠራ። ከ1914 እስከ 1925 ድረስ መኪናው በጥቁር ቀለም ብቻ ይሸጥ ነበር። ከገዢዎቹ መካከል ገበሬው፣ መምህሩና ባለሱቁ ይገኙበታል። እነዚህ ሰዎች ሎሌም ሾፌርም አልነበራቸውም። ቅዳሜ ወይም እሑድ እጅጌያቸውን ሰብስበው መኪናቸውን በደጃቸው ማጠብ ጀመሩ። በቤት የሚደረግ የመኪና አጠባ እንደ ልማድ የተተከለው በዚህ ጊዜ ነው።

የባሩድ ልጅ የሆነው ቀለም

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ዱፖን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለባሩድ ሥራ ያቋቋመው ሰፊ የናይትሮሴሉሎስ ማምረቻ በእጁ ላይ ቀረ። ጭስ አልባ ባሩድም፣ የፎቶግራፍ ፊልምም፣ ኋላ የመኪና ቀለምም የተሠሩት ከዚሁ ከናይትሮሴሉሎስ ነው። በ1920 በኒው ጀርሲ፣ ፓርሊን በሚገኘው የኩባንያው የፊልም ፋብሪካ የሚሠሩ ኬሚስቶች የናይትሮሴሉሎስን ፈሳሽ እጅግ ማቅጠን የሚቻልበትን ዘዴ በአጋጣሚ አገኙ። ፈሳሹ ከቀጠነ ብዙ ደረቅ ቀለም ተሸክሞ በአየር ግፊት ሊረጭ ይችላል። ከዚህ ግኝት የተወለደው ዱኮ የተባለው ቀለም ሲሆን፣ ጄኔራል ሞተርስ በ1923 ለ1924 ሞዴል በቀረበው ሰማያዊ ኦክላንድ መኪና ላይ ቀባው። የቀለም ሥራ ከሳምንታት ወደ ሰዓታት ወረደ። ጥቁር ብቻ የነበረው ገበያም በልዩ ልዩ ቀለማት ተሞላ።

ነገር ግን አዲሱ ቀለም የራሱን ሸክም ይዞ መጣ። ናይትሮሴሉሎስ በፀሐይ ብርሃን ይሞታል፤ የላይኛው ገጹ እንደ ኖራ ዱቄት ይሆናል፤ ድምቀቱም ይጠፋል። መድኃኒቱ የሞተውን ገጽ በረቂቅ ማለስለሻ ፍቆ ሕያው የሆነውን ቀለም ከሥር ማውጣትና በላዩ ሰም መቀባት ነበር። በቺካጎ የተመሠረተው ሲሞናይዝ በዚህ ሥራ እጅግ ከመታወቁ የተነሣ ስሙ በእንግሊዝኛ “መኪናን በሰም መወልወል” የሚል ግሥ እስከ መሆን ደረሰ። ከሰሞቹ ሁሉ የተመረጠው ከሰሜን ምሥራቅ ብራዚል የሚመጣው የካርናውባ ሰም ነው። ካርናውባ በደረቅ አገር የሚበቅል ዘንባባ ነው፤ ቅጠሉ እርጥበቱን ላለማጣት በሰም ይሸፈናል። ቅጠሉ ተቆርጦና ደርቆ ሲወቃ ሰሙ ይረግፋል። የሚቀልጠው 80 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድን ሲያልፍ ስለ ሆነ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና አይፈስም፤ ውሃንም ያንከባልላል።

በዚህ ዘመን አጠባ ብቻውን አልበቃም። ባለመኪናው በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ አንድ ሙሉ ቀን ሰጥቶ መኪናውን ያጥባል፣ ያለሰልሳል፣ በሰም ይቀባል፣ ይወለውላል። በሚሠራበት ጊዜ ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ይይዛል፤ ቀይ መኪና ሲወለወል ጨርቁ ይቀላል፤ ሰማያዊ መኪና ሲወለወል ጨርቁ ሰማያዊ ይሆናል። ይህ ምልክት ለባለሙያው ሁለት ነገር ይነግረው ነበር። አንደኛው የሞተው ገጽ መነሣቱን ሲሆን፣ ሁለተኛው ከቀለሙ ውፍረት ጥቂቱ መቀነሱን ነው። “ድምቀት የሚገኘው በመፈተግ ነው” የሚለው እምነት የተተከለው በናይትሮሴሉሎስ ዘመን ነው፤ ለናይትሮሴሉሎስም እውነት ነበር።

ሳሙናና ዱቄቱ

በባልዲው ውስጥ የሚገባውም ነገር ተለውጧል። ተራ ሳሙና ካልሲየምና ማግኒዥየም ከበዛበት ውሃ ጋር ሲገናኝ የማይሟሟ ዝቃጭ ይፈጥራል፤ ይህም በመኪናው ላይ ነጭ ጉም ትቶ ይቀራል። ይህን ችግር የፈታው ሰው ሠራሽ ማጠቢያ ነው። በጀርመን የቦሜ ፌትሼሚ ኩባንያ ፌቫ የተባለውን በ1932፣ በአሜሪካ ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ድሬፍት የተባለውን በ1933 ለገበያ አቀረቡ። በ1946 የወጣው ታይድ ደግሞ ለከባድ እድፍ የሚሆነውን ዱቄት በየቤቱ አስገባ። በአገራችንም ዱቄቱ ሁሉ በአንድ ምርት ስም “ኦሞ” ተብሎ ቀረ።

የልብስ ዱቄት የተሠራው ቅባትን ከጨርቅ ለመንቀል ነው። ሰምም ለዱቄቱ ቅባት ነው። ስለዚህ ባለመኪናው በብዙ ድካም የቀባውን ሰም በኦሞ ባልዲ ያጥበዋል፤ ቀለሙም ያለ መከላከያ ይቀራል። ለመኪና ብለው የሚዘጋጁት ፈሳሽ ማጠቢያዎች ለስለስ ያሉ ሆነው የተቀመሙት በዚህ ምክንያት ነው። ሌላው ጉዳት የታየው ከመኪናው ርቆ ነበር። የ1950ዎቹ ማጠቢያ በባክቴሪያ በቀላሉ ስለማይፈርስ በአውሮፓና በአሜሪካ ወንዞች ላይ ነጭ አረፋ ተቆለለ። ምዕራብ ጀርመን በ1961 ሕግ አወጣች፤ ሕጉም ከ1964 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። የአሜሪካ አምራቾች በ1965 ሊፈርስ ወደሚችለው ዓይነት ተሸጋገሩ። በባልዲ ውስጥ የገባ ነገር መጨረሻው ወንዝ መሆኑን ሕዝብ በዓይኑ ያየው ያን ጊዜ ነው።

ቅዳሜ በምዕራብ ጀርመን

በ1930ዎቹ የተስፋፋው አልኪድ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻም የመጣው አክሪሊክ ከናይትሮሴሉሎስ ይበልጥ ፀሐይን የሚችሉ ሆኑ። የመወልወሉ አስፈላጊነት ቀነሰ፤ ልማዱ ግን አልቀነሰም። እንዲያውም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቤት አጠባ ከሁሉ ይበልጥ የደመቀው በምዕራብ ጀርመን ነው። ፎልክስቫገን አንድ ሚሊዮንኛውን መኪና በ1955 ሲያወጣ፣ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ፍርስራሽ ሲጠርግ የነበረው ሠራተኛ ባለመኪና ወደ መሆን ደርሶ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በየመንገዱ ዳር መኪና ማጠብ የተለመደ ትዕይንት ሆነ። የታጠበው መኪና የቤተሰቡን ከችግር መውጣት የሚመሰክር ነበርና ሥራው ከንጽሕና ያለፈ ትርጉም ነበረው።

መሐንዲሶችም ለዚህ ልማድ መሣሪያ አቀረቡለት። በቪነንደን ከተማ አልፍሬድ ኬርሸር በ1950 በሙቅ ውሃ የሚሠራ ከፍተኛ ግፊት ያለው ማጽጃ ሠራ። በ1962 ሁለት የአውግስቡርግ ሰዎች፣ ጌብሃርድ ቫይገለና ዮሐን ዙልትስበርገር፣ በቆመ መኪና ላይ እየተመላለሰ በሚሽከረከር ብሩሽ የሚያጥብ ማሽን ፓተንት ጠየቁ። በ1984 ደግሞ ኬርሸር ኩባንያ ግፊት ያለውን ማጽጃ በእጅ ተይዞ ወደ ቤት እንዲገባ አደረገው።

በዚያው አገር ልማዱን የገደበው ውሃ ነው። ጀርመን በ1957 የውሃ አያያዝ ሕግ አውጥታ ነበር። በመንገድ ዳር የሚታጠብ መኪና ዘይት፣ ግራሶና የብረት ብናኝ ይዞ ወደ ዝናብ ውሃ መውረጃ ይገባል፤ የዝናብ ውሃ መውረጃ ደግሞ ሳይጣራ ወደ ወንዝ ይሄዳል። በአፈር ላይ ሲታጠብም ቆሻሻው ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይሰርጋል። ስለዚህ ብዙ ማዘጋጃ ቤቶች የቤት አጠባን ከለከሉ ወይም በጠባብ ሁኔታ ብቻ ፈቀዱ፤ ደንቡም ከከተማ ከተማ ይለያያል። ባለመኪናው ዘይት መለያ ጉድጓድ ወዳለው ማጠቢያ ቦታ ሄደ።

ጨርቁ መመስከር ያቆመበት ጊዜ

በ1980ዎቹ ዓመታት ትልቁ ለውጥ በሰፊው ተሠራጨ። ቀለሙና ድምቀቱ ተለያዩ። ከታች ቀለሙን የያዘ ስስ ሽፋን፣ ከላይ ደግሞ ምንም ቀለም የሌለው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን ሆነ። ቀለም ቀቢዎች ክሊር የሚሉት ይህ ሽፋን ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ውፍረት አለው፤ ይህም ከአንድ ተራ ወረቀት ውፍረት ግማሽ ያህል ነው። ቀለሙን ከፀሐይ የሚጠብቁት ጨረር አጋቾች የተቀመጡት በዚሁ ውስጥ ነው። ሽፋኑ እንደ ናይትሮሴሉሎስ በየጊዜው አይሞትም። ስለዚህ እንዲታደስ መፈተግ አያስፈልገውም፤ ከተፈተገ ግን ይሳሳል፤ የሳሳውም በእጥበት አይመለስም።

ከሁሉ የከፋው ነገር ማስጠንቀቂያው መጥፋቱ ነው። ክሊር ቀለም ስለሌለው ጨርቁ አይቀላም፤ ሰማያዊም አይሆንም። በአባቱ ዘመን ጨርቁ “በቃ” ይል ነበር። በልጁ ዘመን ጨርቁ ዝም አለ። ባለመኪናው እየወለወለ ሽፋኑን ሲጨርስ የሚያውቀው ቀለሙ ከነጣና ከተቀረፈ በኋላ ነው።

ጭረቱ ከየት እንደሚመጣ ለመረዳት የአቧራን ጠባይ መመልከት ይበቃል። በመንገድ አቧራ ውስጥ የሚገኘው ኳርትዝ በሞህስ የጥንካሬ መለኪያ 7 ያገኛል፤ ብርጭቆን እንኳ ይጭራል። ክሊር ደግሞ ፕላስቲክ ነው። አቧራ የያዘ ጨርቅ በክሊር ላይ ሲሄድ ጨርቁ የአሸዋ ወረቀት ሆነ ማለት ነው። በፀሐይ ብርሃን በጥቁር መኪና ኮፋኖ ላይ እንደ ሸረሪት ድር ክብ ክብ ሆኖ የሚታየው ይህ ነው። አብዛኛው የመጣው ከመንገድ ሳይሆን ከማጠቢያው ጨርቅ ነው። በአዲስ አበባ በበጋ ማለዳ የመኪናን አቧራ በደረቅ ጨርቅ ማራገፍ እንደ ትጋት ይቆጠራል፤ ለክሊር ግን ከዚህ የከፋ ነገር ጥቂት ነው።

ስለሆነም የዛሬው የአስተጣጠብ ሥርዓት ከዚህ ይመነጫል። መኪናው በጥላ ሥር፣ ብረቱ ከቀዘቀዘ በኋላ ይታጠባል። በመጀመሪያ ያለ ንክኪ በውሃ አፈሩ ይረጥባል፣ ይወርዳል። ሁለት ባልዲ ይዘጋጃል፤ አንዱ ማጠቢያ ፈሳሽ፣ ሁለተኛው ንጹሕ ውሃ የያዘ ነው። ጨርቁ ወደ ማጠቢያው ከመመለሱ በፊት በንጹሑ ውሃ አሸዋውን ያራግፋል። አጠባው ከጣራ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጎማና ቸርኬ በሌላ ጨርቅ በመጨረሻ ይታጠባሉ። የእጅ እንቅስቃሴው ቀጥታ እንጂ ክብ አይሆንም። ውሃው በላዩ ሳይደርቅ በለስላሳ ጨርቅ ይጠረጋል፤ ካልሆነ በውሃው ውስጥ ያለው ማዕድን ነጭ ነጥብ ሆኖ ይቀራል። ለዚህ ሥራ የተመረጠው እጅግ ረቂቅ ክሮች ያሉት ጨርቅ ነው፤ የዚህ ክር ፈር ቀዳጅ ከሆኑት አንዱ በ1970 በጃፓኑ የቶሬ ኩባንያ ሚዮሺ ኦካሞቶ የሠራው ነው። የወፍ ኩስም ፀሐይ ሳያገኘው ይነሣል፤ ሙቀት ክሊሩን ስለሚያለሰልስ ምልክቱ ሊቀር ይችላል። የመኪና ፋብሪካዎች የቀለማቸውን አሲድ መቋቋም የሚፈትኑት ሙቀት፣ እርጥበትና አሲድነት ያለው ዝናብ በሚገናኙባት በፍሎሪዳዋ ጃክሰንቪል ነው።

ውሃው ወዴት ይሄዳል?

ባለሙያ ስለ አጠባ ሲያስብ ስሌቱንም መተው አይገባውም። የጎማ ቱቦ በደቂቃ 15 ሊትር ውሃ ያፈሳል ቢባል፣ ለ10 ደቂቃ ተከፍቶ ከቆየ 150 ሊትር ይሆናል። በሁለት ባልዲና በጥንቃቄ በሚፈስ ማለቅለቂያ ግን 40 ሊትር ሊበቃ ይችላል። ልዩነቱ 110 ሊትር ነው። ለስሌት ያህል 100,000 መኪናዎች በሳምንት አንድ ጊዜ ቢታጠቡ ልዩነቱ በሳምንት 11,000 ሜትር ኩብ ይሆናል። ውሃ በፈረቃ በሚዳረስበት ሰፈር ይህ ቁጥር የጎረቤት እንስራ ነው።

ከብዛቱ ሌላ መድረሻውም አለ። በአዲስ አበባ የመኪና ማጠቢያ ቦታ “ላቫጆ” ይባላል፤ ቃሉ እንደ ኮፋኖና እንደ ፓራፋንጎ ከጣልያንኛ የመጣ ነው። በላቫጆም ሆነ በግቢ በር የሚፈሰው ውሃ ዘይት መለያ ካላገኘ በዝናብ ውሃ መውረጃ በኩል ወደ አቃቂ ወንዞች ይገባል። ከአቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከአባ ሳሙኤል ወደ አዋሽ ይወርዳል። በአቃቂ ዳር አትክልት በመስኖ ይለማል፤ ጎመኑና ሰላጣው ተመልሶ ወደ ከተማዋ ገበያ ይመጣል። አዋሽም እንደ ሌሎች ታላላቅ ወንዞች ከባሕር አይደርስም፤ በአፋር ምድር በአቤ ሐይቅ ይቆማል። የተጣለበትን ሁሉ ይዞ ከአገር የሚወጣ ወንዝ አይደለም።

እንግዲህ በቤት ለሚያጥበው ሰው ድንበሩ ግልጽ ነው። አቧራና ጭቃ በጥቂት ውሃና በለስላሳ ማጠቢያ በግቢ ሊታጠብ ይችላል፤ የባልዲው ዝቃጭ ደግሞ ወደ ፍሳሽ መስመር ወይም ወደ መጸዳጃ ጉድጓድ እንጂ ወደ ቦይ አይደፋም። ዘይትና ግራሶ የያዘው ሞተርና የመኪናው ሆድ ግን በግቢ አይታጠብም፤ ዘይት መለያ ወዳለው ቦታ ይሄዳል። እንዲህ ያለ መለያ በየላቫጆው እንዲሠራ ማድረግ ደግሞ የባለመኪናው ሳይሆን የመሐንዲሱና የማዘጋጃ ቤቱ ሥራ ነው። ጉድጓዱ ከባድ ጥበብ አይጠይቅም፤ ዘይት በውሃ ላይ መንሳፈፉን፣ አሸዋም መዝቀጡን ተጠቅሞ ውሃውን በክፍሎች ማሳለፍ ነው። የሚጠይቀው ሲሞላ የሚያጸዳውን ሰው ነው።

የዚህ ታሪክ ዑደት ልብ ሊባል ይገባዋል። የሠረገላ ጠባቂው አፈርን በውሃ አርጥቦ ያወርድ ነበር፤ አይፈትግም ነበር፤ ከጠንካራ ሳሙናም ይርቅ ነበር። የናይትሮሴሉሎስ ዘመን ያን የለሰለሰ እጅ ወደ ፈታጊ እጅ ለወጠው፤ በጊዜውም ትክክል ነበር። ክሊር ሲመጣ የሚያስፈልገው የቀድሞው የሠረገላ ጠባቂ እጅ ሆነ። ብዙ ግቢዎች ግን እስከ ዛሬ የመካከለኛውን ዘመን እጅ ይዘው ቆይተዋል። ከሠረገላ ጠባቂው የማይወረሰው አንድ ደንብ ብቻ ነው፤ እርሱም “ውሃው ብዙ ይሁን” ያለው ነው። ይህን ደንብ ያወጣው ቫርኒሹን እያየ እንጂ ከመውረጃው በታች ያለውን ወንዝ እያየ አልነበረም።